ባለዕዳውን የሚሰውሩ ቃላት፤ በጭነት መኪና ሥራ ስለሚነገሩ ቃላት የቀረበ ሂስ

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ የጋላፊን ኬላ አልፎ፤ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ ወደ ሞጆና ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው የጭነት መንገድ ለአገራችን ንግድ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለዚህ መጽሔት አንባብያን መንገር ለቀባሪው አረዱት ይሆናል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች፤ ይልቁንም በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ በር ከተዘጋ ወዲህ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃችን አብዛኛው በዚሁ መስመር ይገባል። ስለ መንገዱ፤ ስለ ወደቡና ስለ ኪራዩ ብዙ ይነገራል። በመንገዱ ላይ ስለሚነገረው ቋንቋ ግን እምብዛም ሲነገር አልሰማንም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህን ቋንቋ መመርመርና መልካሙን መልካም፤ ጎደሎውን ጎደሎ ማለት ነው።

ሂስ የሚጽፍ ሰው ጉዳዩ በግል የሚነካው እንደ ሆነ አስቀድሞ መናገር ስለሚገባው፤ እኛም እንናገራለን። አጎታችን የከባድ ጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። በሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው እርሳቸው ከዚህ መንገድ ባገኙት ገንዘብ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድናስብ ያደረገንም ባለፈው ዓመት በእርሳቸው ላይ የደረሰ አንድ ነገር ሲሆን፤ በቦታው እናነሣዋለን።

በዚያው ትምህርት ቤት ሳለን አማርኛ ያስተምሩን የነበሩት መምህር በድርሰታችን ውስጥ ባዕድ ቃል ባገኙ ቁጥር በቀይ ቀለም ያሰምሩበት ነበር። ወደ ኮሌጅ ከመጣን በኋላ ደግሞ የንግድ ሥራ ትምህርት የሚሰጡን መምህራን አብዛኛውን ነገር በእንግሊዝኛ ስሙ ብቻ እንድንይዘው ይሻሉ፤ ዓለም የሚሠራበት ቃል እርሱ ነው ይላሉ። በጓደኞቻችንም መካከል ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ቋንቋችን ይጥራ ይላል፤ ሁለተኛው ሥራ ይፋጠን ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ እርሱም «ቃሉ ከየት መጣ?» የሚል ነው። ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጥያቄ አለ ብለን እናምናለን። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን የቃላቱን ዘር ባጭሩ እንመልከት። የአገራችንን ነገር በአገራችን ዘመን አቆጣጠር፤ የውጭውን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ከመኪና በፊት ሲራራ ነጋዴ ዕቃውን በበቅሎ፤ በአህያና በግመል ጭኖ በቅፍለት ይጓዝ ነበር። የሥራው ቃላት አጋሰስ፤ ፈረሱላ፤ ኬላ፤ ቀረጥ፤ እነዚህንም የመሳሰሉ ነበሩ። የነጋዶቹ አለቃ «ነጋድራስ» ይባል ነበር፤ ኋላም ማዕርጉ የንግድና የጉምሩክ ሹም መጠሪያ ሆነ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በዚሁ ማዕርግ በድሬዳዋ ሠርተዋል። ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ነጋድራስ ማለት የነጋዶች ራስ ማለት ነውና፤ ቃሉ ራሱ ኀላፊው ማን እንደ ሆነ ይናገራል። በቅፍለቱ ላይ ነገር ቢፈጠር ማን እንደሚጠየቅ ከስሙ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ያን ዘመን የንጹሕ አማርኛ ዘመን አድርገን ልናወድሰው አንችልም። ቅፍለት ከዐረብኛው «ቃፊላ» ጋር ዘመድ ነው፤ ጉምሩክም የቱርክ ቃል ነው። መንገድ ባለበት ሁሉ ቃል ይሻገራል።

ቀጥሎ የመጣው የባቡር ሐዲድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ሥራውን የያዙት ፈረንሳዮች ስለ ነበሩ ፈረንሳይኛ አብሮ ገባ። የአዲስ አበባው ጣቢያ የቆመበት ሰፈር እስከ ዛሬ «ለገሃር» መባሉ ምስክር ነው፤ በፈረንሳይኛ ጣቢያው ማለት ነውና። የነጋዴውን ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቀው ሰው «ትራንዚተር»፤ የሚሞላውም ወረቀት «ዲክላራሲዮን» የተባለው ከዚሁ ቋንቋ ነው።

ሦስተኛው ንብርብር የጣልያን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጊዜ ጣልያኖች ለጦራቸው ሲሉ መንገድ ዘረጉ፤ የጭነት መኪናና የመኪና መጠገኛም አመጡ። ወራሪው ሲባረር መኪናውና ቃሉ ቀረ። ዛሬ አንድ ረዳት የመኪናውን አካል ከፊት እስከ ኋላ ሲጠራ ብንሰማው ኮፈን፤ ፓራፋንጎ፤ ፍሬን፤ ፍሪሲዮን፤ ማርሽ፤ ባሌስትራ፤ ኩሽኔታ፤ ቸርኬ፤ ጎማ፤ ስፖንዳ እያለ ይዘልቃል። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው። የመኪናው ቁጥር ታርጋ፤ የባለቤትነቱ ደብተር ሊብሬ፤ የዓመቱ ምልክት ቦሎ ነው። ፊያት 682 የተባለው ከባድ መኪና «ኤን 3» የሚለው ምልክት በጣልያንኛ ስለ ተነበበ «ኤንትሬ» ተብሎ በሹፌሮች ዘንድ እንደ ሰው ስም ታወቀ።

አራተኛውና የመጨረሻው የእንግሊዝኛ ንብርብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አይዲያል ኤክስ የተባለች መርከብ 58 የብረት ሣጥኖች ጭና በአሜሪካ ከኒውአርክ ወደ ሂውስተን ከሄደች ወዲህ የዓለም የባሕር ጭነት ቀስ በቀስ ወደ ኮንቴይነር ዞረ። ኮንቴይነር ብቻውን አልመጣም። ቢል ኦፍ ሎዲንግ፤ ማኒፌስት፤ ዲመሬጅ፤ መልቲሞዳል፤ ዩኒሞዳል፤ ሎጂስቲክስ የሚባሉትን ቃላት አስከትሎ መጣ። እነዚህ እንደ ፍሬንና እንደ ጎማ ከመኪናው ሥር ሳይሆን ከቢሮ መስኮት የወጡ ቃላት ናቸው።

እንግዲህ ፍርዱን እንጀምር። የጣልያኑን ንብርብር ነቅለን እንጣለው ለሚሉት ወገኖች አንስማማም። ፍሬን ባዕድ ቃል ነው፤ ዳሩ ግን በሚሌ ሜዳ ላይ ያለ ሹፌርና በመርካቶ ያለ ዕቃ ሻጭ ይህን ቃል ሲናገሩ ከሁለቱ አንዱ ሌላ ነገር አያስብም። እጅ የሚዳስሰውን ነገር ስም ማንም ሊያጣምመው አይችልም፤ ቢከራከሩም ሄደው ያዩታል። የቃሉ ዘር መረሳቱም አይጎዳም። ባቡር ከጣልያኑ «ቫፖሬ» የመጣና እንፋሎት ማለት ነው። ሹፌርም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፤ መነሻው እሳት የሚያነድ፤ የሚያሞቅ ማለት ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ ሐዲድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ እንፋሎትም እሳትም የለውም። ስሙ ግን ባቡር ነው፤ በዚህም የተጎዳ ሰው የለም።

ደግሞም ሠራተኛው ሕዝብ ሁልጊዜ ተበዳሪ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው። በዋናው መኪና ኋላ የሚጎተተውን ሠረገላ «ተሳቢ» ብሎታል። ይህ ቃል ያለ ማንም ትእዛዝ ከሹፌሮች አፍ እስከ መንግሥት ወረቀት ደርሷል። ለምን? ግሡ ሥራውን ስለሚናገር ነው፤ የሚሳብ እንጂ የሚስብ አይደለም። እንዲሁም በሕግ ጽሑፍ ውስጥ የምናገኛቸው «ላኪ»፤ «አጓዥ» እና «ተቀባይ» የሚሉት ሦስት ቃላት ሊመሰገኑ ይገባቸዋል። «ተጓዥ» ራሱ የሚሄድ፤ «አጓዥ» ሌላውን እንዲሄድ የሚያደርግ ነው። በአንዲት ፊደል ለውጥ ተሳፋሪው ከኀላፊው ተለየ። አማርኛ እንዲህ ያለ ችሎታ እንዳለው ልብ እንበል፤ ኋላ ይጠቅመናልና።

ወደ ዋናው አሳባችን ደረስን። በጭነት ሥራ ውስጥ ሁለት ዐይነት ቃላት አሉ። አንደኞቹ የነገር ስሞች ናቸው፤ ጎማ፤ ተሳቢ፤ ኮንቴይነር። ሁለተኞቹ የግዴታ ስሞች ናቸው፤ ማን ለማን፤ በምን ምክንያት፤ እስከ መቼ ዕዳ እንዳለበት የሚናገሩ ናቸው። የነገር ስም ባዕድ ቢሆን ጉዳት የለውም። የግዴታ ስም ግን የሚታይ አካል ስለሌለው ከቃሉ በቀር መያዣ የለውም። ቃሉ ከተድበሰበሰ ዕዳው ይድበሰበሳል፤ ዕዳው ሲድበሰበስም የሚወድቀው ከሁሉ በታች ባለው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ስለ ግዴታ ቃል መጠየቅ የሚገባን «ከየት መጣ?» ብለን ሳይሆን «ባለዕዳውን ያሳያልን?» ብለን ነው።

በዚህ ሚዛን ከሁሉ ይልቅ ቀሎ የተገኘው «ዲመሬጅ» የሚለው ቃል ነው። ዲመሬጅ በመጀመሪያ የመርከብ ነገር ነው። መርከብ የተከራየ ሰው በውሉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ጭኖ ወይም አራግፎ ባይጨርስ፤ መርከቢቱን ላቆመበት ጊዜ ለባለቤቷ የሚከፍለው ነው። ትርጓሜው ጠባብና የተለየ ነበር። በእኛ መንገድ ላይ ግን ይኸው ቃል ቢያንስ በሦስት ነገር ላይ ሲነገር እንሰማዋለን። አንደኛ፤ ዕቃው በወደብ ግቢ ውስጥ ከተፈቀደው ቀን በላይ ሲቀመጥ ለወደቡ የሚከፈለው። ሁለተኛ፤ ኮንቴይነሩ ከተፈቀደው ቀን በላይ ሳይመለስ ሲቀር ለመርከብ ድርጅቱ የሚከፈለው። ሦስተኛ፤ የጭነት መኪናው ሳይጫን ወይም ሳይራገፍ ሲቆም ለመኪናው ባለቤት የሚከፈለው። ሦስት የተለያዩ ተቀባዮች አሉ፤ ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች አሉ፤ ስሙ ግን አንድ ነው።

የአጎታችን ነገር እንዲህ ነበረ። ከጅቡቲ አንድ ኮንቴይነር ጭነው አዲስ አበባ ከአንድ ነጋዴ መጋዘን ደጃፍ ደረሱ። የነጋዴው ወረቀት ስላላለቀ መኪናው አምስት ቀን ሳይራገፍ ቆመ፤ አጎታችንና ረዳታቸውም አምስት ሌሊት በካቢና ውስጥ አደሩ። መኪናው የእርሳቸው አይደለም፤ የቆሙበት ቀን አበል የሚከፈላቸው ባለመኪናው ከነጋዴው ሲቀበል ነው። በውሉ ላይ የተጻፈው ቃል «ዲመሬጅ በደንበኛው ይከፈላል» የሚል ነበር። ባለመኪናው ይህን ይዘው ቢጠይቁ፤ ነጋዴው ደረሰኝ አውጥተው «ዲመሬጅ ከፍያለሁ» አሉ። እውነታቸው ነው፤ ደረሰኙ ግን የወደቡ ነበር። ወደ ትራንዚተሩ ቢሄዱ «ዲመሬጅ የሚባለው የኮንቴይነሩ ነው፤ ባዶው ሲመለስ ይታሰባል» ብሎ መለሰላቸው። እርሱም በሚያውቀው መጠን አልዋሸም። ሦስቱም በየበኩላቸው ልክ ነበሩ፤ የአምስቱ ቀን አበል ግን እስከ ዛሬ አልተከፈለም።

አጎታችን ይህን ሲያጫውቱን ያሉት ቃል ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ አስተማረን። «ልጄ» አሉ፤ «ፍሬን ተበላሸ ሲሉኝ ወርጄ የትኛው እግር እንደ ሆነ አየዋለሁ። ዲመሬጅ ሲሉኝ ግን የት ወርጄ ልየው?»

አንዳንድ ሰው ለዚህ መድኃኒቱ የእንግሊዝኛውን ልዩነት በሚገባ ማስተማር ነው ይል ይሆናል። በእውነትም እንግሊዝኛው «ዲመሬጅ»ንና «ዲቴንሽን»ን ይለያል፤ በኮንቴይነር ሥራ የፊተኛው ሣጥኑ በወደብ ውስጥ ሳለ፤ የኋለኛው ከወደብ ከወጣ በኋላ ለሚደርሰው መዘግየት ይነገራል። ነገር ግን በሁለት የማይታወቁ ድምፆች መካከል ያለውን ልዩነት በቃል ማጥናት ለሹፌርና ለመጋዘን ጠባቂ ከባድ ነው፤ የቆመውን መኪና ነገርም ለብቻው አያወጣውም። የራሳችን ግሥ ግን ይህን ሥራ ሳንደክም ይሠራልናል።

አንባቢ ሆይ፤ እነዚህን ተመልከት፤ አደረ፤ አቆየ፤ አስቆመ። «ዕቃው በወደብ አደረ» ስንል እንግዳ እንደሚያድር ነው፤ የአልጋውን ዋጋ የሚከፍለው የእንግዳው ባለቤት መሆኑ ግልጥ ነው። «ኮንቴይነሩን አቆየ» ስንል የሰው ዕቃ ይዞ የዘገየ አለ ማለት ነው፤ ባለዕዳው ያቆየው ነው። «መኪናውን አስቆመ» ስንል መኪናው በገዛ እጁ አልቆመም፤ ሹፌሩም አላቆመውም፤ ያስቆመው ሌላ ሰው አለ። «ቆመ»፤ «አቆመ»፤ «አስቆመ» በሚሉት ሦስት ግሦች መካከል ያለው ልዩነት በፍርድ ቤት ብዙ ገጽ የሚያስጽፈውን ክርክር ይቆርጣል። ስለዚህ የሚከተሉትን ለማቅረብ እንደፍራለን፤ ለመጀመሪያው «የወደብ ማደሪያ»፤ ለሁለተኛው «የኮንቴይነር ማቆያ»፤ ለሦስተኛው «የመኪና ማስቆሚያ»። በአጎታችን ውል ላይ «የመኪና ማስቆሚያ ኪራይ ያስቆመው ይከፍላል» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ የወደቡ ደረሰኝ መልስ ሊሆን ባልቻለ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌያችን «መልቲሞዳል» እና «ዩኒሞዳል» የሚሉት ጥንድ ቃላት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 548 የመልቲሞዳሉን አሠራር በሕግ ካቆመ ወዲህ ቃሉ በየቢሮው ይነገራል። በተማሪ ቤት የሚሰጠን ትርጓሜ መልቲሞዳል በብዙ ዐይነት ማጓጓዣ፤ ዩኒሞዳል በአንድ ዐይነት ማጓጓዣ ማለት ነው የሚል ነው። ይህ የድምፁ ትርጓሜ ነው እንጂ የሥራው አይደለም። በእኛ አገር በዩኒሞዳል የሚመጣ ዕቃ ከቻይና ወይም ከሕንድ ጅቡቲ ድረስ በመርከብ፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ድረስ በመኪና ይመጣል። ይህ ሁለት ዐይነት ማጓጓዣ አይደለምን? በመልቲሞዳል የሚመጣውስ በዚሁ ባሕርና በዚሁ መንገድ አይደለምን?

ልዩነቱ በመኪናውና በመርከቡ ቁጥር አይደለም፤ በውሉ ቁጥር ነው። በመልቲሞዳል አንድ አጓዥ ከባሕር ማዶ አንሥቶ እንደ ሞጆ ባለው ደረቅ ወደብ እስኪያደርስ በአንድ ውልና በአንድ ሰነድ ይጠየቃል። በዩኒሞዳል የባሕሩ አጓዥ ግዴታ ጅቡቲ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ ነጋዴው ራሱ ትራንዚተርና መኪና ይዞ ሌላ ውል ይዋዋላል። እ.ኤ.አ. በ1980 በጄኔቫ የተዘጋጀው የተባበሩት መንግሥታት የመልቲሞዳል ስምምነትም ቢያንስ ሁለት ዐይነት ማጓጓዣ ብሎ አይቆምም፤ በአንድ የመልቲሞዳል ውል መሠረት የሚፈጸም መሆኑን ይጨምራል። የነገሩ ሥር ውሉ ነው፤ ወደ እኛ የደረሰው ስም ግን ውሉን ትቶ መንኰራኵሩን ይቈጥራል። በእኛ አሳብ የፊተኛው «የአንድ ውል ጭነት»፤ የኋለኛው «የተከፈለ ውል ጭነት» ቢባል ዕቃው በመንገድ ላይ የተሰበረበት ነጋዴ ማንን እንደሚይዝ ከስሙ ይረዳው ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ ከዓለም ንግድ የመጣ ነው። መቀመጫው ፓሪስ የሆነው ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ኢንኮተርምስ የተባሉትን የሽያጭ ቃላት መጀመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በሥራ ላይ የዋለው እትም 11 ቃላት አሉት። ከእነርሱ አንዱ «ሲ አይ ኤፍ» ነው። ሻጩ የዕቃውን ዋጋ፤ መድኑንና የመርከቡን ኪራይ እስከ መድረሻው ወደብ ይከፍላል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው፤ እኛም ራሳችን በመጀመሪያው ዓመት ትምህርታችን፤ ዕቃው መድረሻው ወደብ እስኪገባ ኀላፊው ሻጩ ነው ብለን አስበን ነበር። እንደዚያ አይደለም። ዕቃው በመነሻው ወደብ መርከብ ላይ ከተጫነ በኋላ የሚደርሰው ጉዳት የገዢው ነው፤ ገዢውም ካሣውን ከመድን ሰጪው ይጠይቃል። ኪራይ የሚከፍለው አንዱ፤ አደጋ የሚሸከመው ሌላው ነው። ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት የከፋዩን ነገር ሲናገሩ የተሸካሚውን ነገር ዝም አሉ። ይህን ቃል ለመለወጥ አንጠይቅም፤ ዓለም ሁሉ የሚዋዋልበት ነውና። የምንጠይቀው በአማርኛ በተገለጠ ቁጥር «ኪራዩ የሻጭ፤ አደጋው የገዢ» የሚሉ ቃላት አብረውት እንዲሄዱ ነው።

እስካሁን የነቀፍናቸው ቃላት ሁሉ ባዕድ ስለ ሆኑ ወደ መምህራችን ቀይ ቀለም የተመለስን ሊመስል ይችላል። እንዳይመስል ስለ አማርኛውም እውነቱን እንናገር። በውሎችና በማስታወቂያዎች ላይ ከሚገኙት ሐረጎች ሁሉ ባለዕዳን በመሰወር «በሚመለከተው አካል ይከፈላል» የሚለውን የሚስተካከል የለም። ከዚህ ሐረግ ውስጥ ባዕድ የሆነ አንዲት ፊደል እንኳ የለችም። ዳሩ ግን የሚመለከተው ማን ነው? «ይከፈላል» የሚለው ግሥ ራሱ ከፋይ የለውም። በአጎታችን ውል ላይም «ዲመሬጅ በደንበኛው ይከፈላል» ከሚለው ውስጥ «ደንበኛ» የሚለው ቃል የላኪው ይሁን የተቀባዩ፤ የባለመኪናው ይሁን የትራንዚተሩ ደንበኛ አልተገለጠም። ስለዚህ አማርኛ መሆን ብቻ አያጸድቅም። «ኩንታል» ባዕድ ቃል ነው፤ ነገር ግን 100 ኪሎ መሆኑን ጫኝም አስጫኝም ያውቃልና በእርሱ ላይ የተመሠረተ የኪራይ ዋጋ አያጣላም። ከግልጥ ባዕድ ቃልና ከድብስብስ አማርኛ አንዱን ምረጡ ብንባል ግልጡን ባዕድ እንመርጣለን።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። የመጀመሪያው፤ የባሕር ሰነዶች በእንግሊዝኛ ስለሚጻፉ ሁለት ዐይነት ስም መያዝ ግራ መጋባትን ይጨምራል የሚል ነው። መልሳችን ይህ ነው፤ ከውጭ አገር ሰው ጋር በሚደረገው ውል የውጭው ቃል ይኑር። ባለመኪና ከነጋዴ፤ ሹፌር ከባለመኪና ጋር የሚዋዋሉት ግን ሁለቱም አማርኛ ተናጋሪ ሆነው በአገራቸው ምድር ላይ ነው። በዚያ ውል ላይ ሁለቱም የማያውቁትን ቃል መጻፍ ለማን ይጠቅማል? ሁለተኛው ተቃውሞ፤ ቃል በተማሪ ጽሑፍ አይለወጥም የሚል ነው። ይህ ትክክል ነው። «ተሳቢ» የሚለውን ያጸናው ሠራተኛው ራሱ ነው፤ እኛ ያቀረብናቸውም ስሞች በመንገዱ ላይ ካልተወደዱ ይጣሉ። የሚሻሉ ቢገኙ ደስ ይለናል። ሚዛኑ ግን እንዲቀር አንፈልግም፤ ማን፤ ለማን፤ በምን ምክንያት የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች የማይመልስ የግዴታ ቃል በውል ላይ አይጻፍ።

ለተማሪ ጓደኞቻችን አንድ ሥራ እናመለክታለን። የንግድ፤ የሕግና የቋንቋ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜ ወደ ሞጆ፤ ወደ ቃሊቲና ወደ መርካቶ ወርደው በዚህ ሥራ ላይ የሚነገሩትን ቃላት ከሹፌሮች፤ ከረዳቶች፤ ከጫኝና አውራጆች፤ ከትራንዚተሮችም አፍ እየሰበሰቡ ቢጽፉ መልካም ነው። በእያንዳንዱ ቃል አጠገብ የሚጻፈው ግን የመጣበት ቋንቋ ብቻ አይሁን፤ በቃሉ ምክንያት ገንዘብ የሚከፍለውና የሚቀበለው ሰው ይጻፍ። ሁለት ሰዎች የተለያየ ሰው ከጠሩ ያ ቃል ታሟል ማለት ነው። መምህራኖቻችንም የእንግሊዝኛውን ስም ባስተማሩን ቁጥር ባለዕዳውን በአማርኛ እንድንናገር ቢጠይቁን፤ ፈተናው ቢከብድም ትምህርቱ ይጸናል።

አጎታችን ይህን ጽሑፍ ስናነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙና «የመኪና ማስቆሚያ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገሙት። ከዚያም በሚቀጥለው ውላቸው ላይ እንዲገባ ባለመኪናውን እንደሚጠይቁ ነገሩን። ያለፈው የአምስት ቀን አበል ይመለስላቸዋል ብለን አናስብም። የሚቀጥለው ግን በአንድ ቃል ምክንያት እንዳይቀር ማድረግ ይቻላል ብለን እናምናለን።